ቤቱን ከመውደዳችሁ በፊት አድራሻውን አጣሩ፦ የዩኤስዲኤ ካርታ ግምገማ

ቤት ልግዛ ብሎ የተነሳ ሐበሻ መጀመሪያ የሚያየው ፎቶ ነው። ኩሽናውን፣ ቤዝመንቱን፣ ጓሮውን። ቀጥሎ ዋጋውን ያያል። ቦታው ለገዢ የሚሰጠውን ድጋፍ ያገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዳንዴ እንዲያውም ቀብድ ከተከፈለ በኋላ። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ለዚህ የሚረዳ ነጻ አገልግሎት ስላለም ተጠቅሜበት ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

አገልግሎቱ የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት፣ ሁላችንም ዩኤስዲኤ የምንለው፣ በድረ ገጹ ላይ ያስቀመጠው ካርታ ነው። የቤቱን አድራሻ ትጽፋላችሁ። ያ ቤት ያለ ዳውን ፔይመንት (ከኪስ አስቀድሞ ከሚከፈለው የቤቱ ዋጋ ክፍል) በሚገኘው የገጠር ልማት ብድር ሊገዛ የሚችልበት ቦታ ላይ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ወዲያው ይነግራችኋል። ስም አይጠይቅም። ስልክ አይጠይቅም። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አይጠይቅም። ክሬዲታችሁን አይነካም። ሰው ቢሮ ሄዶ ወረፋ ሳይጠብቅ ሌሊት አልጋው ላይ ሆኖ ሊያጣራው ይችላል። እኔም ከማታ ሥራ ተመልሼ ነው የሞከርኩት።

የተጠቀምኩት ለታናሽ እህቴና ለባለቤቷ ነው። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት መኝታ ቤት አፓርትመንት ተከራይተው ይኖራሉ። ሁለት ልጆች አሏቸው፣ እናታችንም ከእነሱ ጋር ናት። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፣ ልጆቹ ያድጋሉ፣ ክፍሉ ግን ያው ነው። ቤተሰባችን ውስጥ ወረቀት ነክ ነገር ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚላከው። ስለዚህ የቤቱ ጉዳይም ወደ እኔ መጣ።

መጀመሪያ ስለ ብድሩ ትንሽ ልበል። ካርታው ያለ እሱ ትርጉም የለውም። ብድሩ የሚሰጠው በ1949 በወጣው የቤቶች ሕግ አንቀጽ 502 መሠረት ነው። ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው የመንግሥት ዋስትና ያለው ብድር ነው። ገንዘቡን የሚያበድራችሁ እንደማንኛውም ጊዜ ባንክ ወይም የሞርጌጅ ኩባንያ ነው። ዩኤስዲኤ ለአበዳሪው ዋስ ይሆናል። ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ራሱ በቀጥታ የሚያበድረው ነው። ይሄ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦች ነው፤ ወለዱ በድጎማ እስከ 1 በመቶ ሊወርድ ይችላል። የመክፈያው ጊዜም 33 ዓመት ነው፣ ገቢው በጣም አነስተኛ ለሆነ ሰው እስከ 38 ዓመት ይዘልቃል። እህቴና ባለቤቷ ሁለቱም ስለሚሠሩ ለእነሱ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱን በገንዘብ ላሳያችሁ። 350,000 ዶላር የሚሸጥ ቤት አየን እንበል። የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስ በሚሆንበት በኤፍኤችኤ ብድር ከተገዛ ትንሹ ዳውን ፔይመንት 3.5 በመቶ ነው። ይህ 12,250 ዶላር ነው። በዩኤስዲኤ ዳውን ፔይመንቱ ዜሮ ነው። ዩኤስዲኤ አንድ ጊዜ የሚያስከፍለው የዋስትና ክፍያ 1 በመቶ ሲሆን ብድሩ ላይ ሊደመር ይችላል። የኤፍኤችኤው 1.75 በመቶ ነው። በየዓመቱ የሚከፈለው ደግሞ በዩኤስዲኤ 0.35 በመቶ ነው፣ በኤፍኤችኤ ለአብዛኛው ሰው 0.55 በመቶ። በዚህ ቤት ላይ ሲሰላ አንደኛው በወር ወደ 100 ዶላር ነው፣ ሌላው ከ150 ዶላር በላይ። ክሎዚንግ ኮስት፣ ግዢው ሲጠናቀቅ የሚከፈለው የውልና የአገልግሎት ወጪ፣ ግን የትም አይቀርም። ሻጩ ካልሸፈነላችሁ ወይም ሌላ ድጋፍ ካላገኛችሁ ከኪሳችሁ ነው። «ያለ አምስት ሳንቲም ቤት ትገባላችሁ» የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ይህን ሁሉ የሚወስነው ታዲያ ቤቱ ያለበት ቦታ ነው። ክሬዲታችሁ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ቤቱ ካርታው ላይ ቀለም የተቀባ ክልል ውስጥ ከወደቀ ነገሩ እዚያው አለቀ።

የእህቴ ባለቤት አንድ ቀን ደወለልኝ። ድምፁ ቀዝቅዟል። «እታለም፣ ኤጀንቱ ፍሬድሪክ ካውንቲ በሙሉ አይገባም አለኝ። ከተማ ሆኗል፣ ድሮ ነበር አለኝ።» ተስፋ ቆርጦ የኤፍኤችኤውን ዳውን ፔይመንት እንዴት እንደሚያሟላ ማሰብ ጀምሮ ነበር። ከእቁብ፣ ከዘመድ፣ ከጡረታ ቁጠባው። እኔም «የቤቱን ቁጥርና የመንገዱን ስም ላክልኝ» አልኩት። ካውንቲ የሚባል ነገር በዚህ ጉዳይ ላይ መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው አድራሻው ነው።

ካርታው ሲከፈት መጀመሪያ የትኛውን ፕሮግራም እንደምትፈልጉ ይጠይቃል። እዚህ ጋ ቆም በሉ። ለቤት ገዢ የሚሆነው «ሲንግል ፋሚሊ ሃውሲንግ» የሚለው ነው፤ እሱም ዋስትና ያለውና ቀጥታው ተብሎ ለየብቻ ተቀምጧል። ከጎኑ ለንግድ ድርጅቶችና ለሌሎች ሥራዎች የተዘጋጁ ካርታዎች አሉ። የእያንዳንዳቸው መስፈርት የተለያየ ነው። ለንግድ የሚሰጠው ድጋፍ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ያላቸውን ከተሞች ጭምር ይቀበላል፣ የቤት ብድሩ ግን ከዚያ በጣም ጠባብ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በስህተት የንግዱን ከፍታ «ቤቱ ያልፋል» ብላ ተደስታ ነበር። በትክክለኛው ካርታ ስናየው አላለፈም። ድረ ገጹ ይህን በደማቅ ቀለም ቢያስጠነቅቅ ብዙ ሰው ከልብ ስብራት ይድን ነበር። እንደኔ ትልቁ ጉድለቱ ይህ ነው።

ፕሮግራሙን ከመረጣችሁ በኋላ አንድ ማሳሰቢያ ይመጣል። ብዙ ሰው ሳያነብ «እቀበላለሁ» ብሎ ያልፈዋል። አንብቡት። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ካርታው ትክክል እንዲሆን ጥረት ተደርጓል፣ ግን ዋስትና አንሰጥም፤ ቤቱ ብቁ መሆን አለመሆኑን የመጨረሻ ቃል የምንሰጠው ሙሉ ማመልከቻ ሲደርሰን ነው። ይህ ሐቀኛ አነጋገር ነው፣ እኔ አከብረዋለሁ። ግን ትርጉሙን በደንብ ያዙት። ካርታው «አይሆንም» ካላችሁ ጊዜያችሁን አታጥፉ። «ይሆናል» ካላችሁ ደግሞ ያገኛችሁት መጀመር የሚያስችል መልስ ነው። ፊርማ አይደለም።

ከዚያ አድራሻውን ትጽፋላችሁ። ካርታው ይጠጋጋል፣ ቤቱ ላይ ምልክት ያስቀምጣል፣ ውጤቱንም በጽሑፍ ይነግራችኋል። ቀለም የተቀባው ቦታ ሁሉ ብቁ ያልሆነ ነው። ሳይቀባ የቀረው ብቁ ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ይረዳዋል፣ ቀለም ያለበትን ጥሩ ቦታ ያደርገዋል። ካርታውን ትንሽ ወደ ኋላ ብላችሁ ስታዩት ዋሽንግተንና ዙሪያዋ በሙሉ ተቀብቷል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ አሌክሳንድሪያ፣ የኛ ሰው የበዛበት ሁሉ። በ270 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ስትወጡም ቀለሙ ይከተላችኋል። ፍሬድሪክ ከተማ ራሷ ተቀብታለች። ከዚያ በመንገድ 15 ወደ ተራራው ስትሄዱ ቀለሙ ያልቅና ነጭ መሬት ይጀምራል። እኔ ባየሁበት ጊዜ ከካቶክቲን ተራራ ሥር ያለችው ተርሞንት ከቀለሙ ውጭ ነበረች። የፕሬዚዳንቱ ማረፊያ ካምፕ ዴቪድ ያለው እዚያው አጠገብ ነው።

የእህቴ ባለቤት የላከልኝ አድራሻ ላይ የከተማው ስም ፍሬድሪክ ይላል። ኤጀንቱ የተሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። የፖስታ አድራሻና የከተማ ወሰን አንድ አይደሉም። ፖስታ ቤት ፍሬድሪክ ብሎ የሚያደርሰው ቤት ከከተማው ወሰን ብዙ ማይል ወጣ ያለ ሊሆን ይችላል። ይህ ቤትም እንደዚያ ነው። ካርታው ላይ ሳስገባው ከቀለሙ ውጭ ወደቀ። ደግሜ አስገባሁት። ያው ነው። ስደውልለት ባለቤቷ ትንሽ ዝም አለና «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። ገጹን አትሜ ላኩለት።

እንዲህ ያለ ነገር በሲልቨር ስፕሪንግም አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሷ ከንቲባና ወሰን ያላት ከተማ አይደለችም። ስሟ ግን በፖስታ አድራሻ ላይ ብዙ ሰፈር ይሸፍናል። ዚፕ ኮድም ቢሆን ወሰን አይሆንም፤ አንድ ዚፕ ኮድ ውስጥ የሚገባም የማይገባም ቤት ሊኖር ይችላል። መስመሩ አንዳንድ ቦታ መንገድ ለመንገድ ነው የሚሄደው። ከመንገዱ በዚህ በኩል ያለው ቤት ያልፋል፣ ማዶ ያለው አያልፍም። ቤቱ መስመሩ አጠገብ ከሆነ በካርታው ምልክት ብቻ አትተማመኑ። ምልክቱ የሚቀመጠው መንገዱ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ቤቱ ላይ ላይሆን ይችላል። የሳተላይት ምስሉን አብሩና ጣሪያውን ፈልጉ። ከዚያም አበዳሪው መሥሪያ ቤቱን በጽሑፍ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ።

አዲስ በሚሠሩ መንደሮች ላይ ካርታው ይቸገራል። መንገዱ ገና አድራሻ መዝገብ ውስጥ ካልገባ ቤቱን አያገኘውም፣ ወይም ሌላ ቦታ ይወስዳችኋል። ያን ጊዜ አጠገቡ ያለ የቆየ አድራሻ አስገቡና ወደ ቦታው በእጃችሁ ሂዱ። በስልክ ላይ ይህን ማድረግ አድካሚ ነው። ቁልፎቹ ደቃቅ ናቸው፣ ካርታው ከጣት ያመልጣል። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ምንም ችግር የለውም። ልጆቻችሁ የትምህርት ቤት ላፕቶፕ ካላቸው እሱን ተዋሱ። በአማርኛም የለም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ብቻቸውን ሊጠቀሙበት አይችሉም፣ ይህ ያሳዝነኛል። በዚህ አካባቢ ስንት ሺህ አማርኛ ተናጋሪ ግብር ከፋይ አለ።

«ገጠር» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። እናታችን የሰማች ቀን «እዚህ አገር መጥቼ ደግሞ ላም ልጠብቅ?» አለች። አይደለም። ማረስም ማርባትም አይጠበቅባችሁም። እንዲያውም ገቢ ለማስገኘት የሚያገለግል እርሻ በዚህ ብድር አይገዛም። የሚገዛው የምትኖሩበት ተራ ቤት ነው። ሕጉ የሚያየው በዋናነት የሕዝብ ብዛትንና ቦታው ከትልቅ ከተማ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። እስከ 10 ሺህ ሕዝብ ያለው የገጠር ባሕርይ ያለው ቦታ ይገባል። እስከ 20 ሺህ የሚደርስም ከሜትሮፖሊታን ክልል ውጭ ከሆነና የቤት ብድር እጥረት ካለበት ይገባል። ቀድሞ ብቁ የነበሩ አንዳንድ ቦታዎች ደግሞ ሕዝባቸው እስከ 35 ሺህ ቢደርስም እስከ 2030 የሕዝብ ቆጠራ ድረስ እንዲቆዩ ተፈቅዶላቸዋል። ስለዚህ ካርታው ይለወጣል። ባለፈው ዓመት ጓደኛችሁ የገዛበት ሰፈር ዛሬም ይገባል ብላችሁ አትደምድሙ። ባለፈው ዓመት አይገባም የተባላችሁትንም እንደገና እዩት።

ከካርታው ጎን የገቢ ማጣሪያ ገጽ አለ። እኔ ይህን ከካርታው የበለጠ ወደድኩት። ለኛ ቤተሰቦች ደግሞ ወሳኝ ነው። ዋስትና ላለው ብድር የቤተሰቡ ገቢ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 115 በመቶ ማለፍ የለበትም። ወሰኑ በየካውንቲው ይለያያል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ከ1 እስከ 4 ሰው ላለበት ቤት አንድ ወሰን ነው፤ ከ5 እስከ 8 ለሆነ ሌላ፣ ከፍ ያለ። እህቴ ቤት እናታችንን ጨምሮ አምስት ናቸው። ስለዚህ በሁለተኛው ነው የሚታዩት። እናታችን አብራ መኖሯ እዚህ ጋ ጠቀማቸው።

ግን ሌላ ጎን አለው። የሚቆጠረው ብድሩ ላይ የሚፈርሙት ሰዎች ገቢ ብቻ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ ገቢው ይቆጠራል። ይህን ብዙ ሐበሻ አያውቀውም። ቤዝመንት ውስጥ አብሮ የሚኖር ወንድም፣ ሥራ የያዘች የአጎት ልጅ፣ ሁሉም ይደመራሉ። ታናሽ ወንድማችን አብሯቸው ሊገባ አስቦ ነበር። ማታ ማታ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ደግሞ ዴሊቨሪ። የሱ ገቢ ሲደመር ወሰኑን ያልፋሉ። ይህን አስቀድመው ማወቃቸው ትልቅ ነገር ነው። ተሰብስበው ተነጋገሩ፣ ወንድማችን እኔ ጋ እንዲሆን ተወሰነ። እውነተኛ ውሳኔ ነው፣ እኔ ጋ ገብቷል። እዚያ እየኖረ አይኖርም ብሎ መፈረም ወንጀል ነው፣ በቤታችሁ አትቀልዱ። በሌላ በኩል ለልጆች፣ ለሕፃናት ማቆያ ወጪና ለአረጋውያን ከገቢው ላይ የሚቀነስ አለ። ገጹ እነዚህን አንድ በአንድ ይጠይቃችኋል። አንዱንም ሳትዘሉ ሙሉ።

ቦታችሁ በዩኤስዲኤ ካርታ ላይ ባያልፍ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። ቦታን መሠረት ያደረጉ ሌሎች ድጋፎች አሉ፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከተማ ውስጥ ናቸው። አንድ ምሳሌ ላንሳ። ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ የምትኖሩ ኢስተርን አቬኑን ታውቁታላችሁ። መንገዱ የዋሽንግተን ዲሲና የሜሪላንድ ወሰን ነው። በአንዱ በኩል ያለው ቤት ዲሲ ነው፣ ማዶ ያለው ሜሪላንድ። ኤችፓፕ የሚባለው የዲሲ የቤት መግዣ ድጋፍ የሚሠራው በዲሲው በኩል ላለው ቤት ብቻ ነው። በ2022 የድጋፉ ጣሪያ ወደ 202 ሺህ ዶላር ከፍ ብሏል፣ ለክሎዚንግ ኮስት ደግሞ 4 ሺህ። ይህን የሚያክለው የሚሰጠው ገቢያቸው በጣም ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ነው፤ ገቢ ከፍ ሲል ድጋፉ ይቀንሳል። በጀቱም የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ግን እዩት፣ አንዲት መንገድ ማቋረጥ ምን ያህል ልዩነት ያመጣል። ታኮማ የሚለውን ስም ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ በሁለቱም በኩል ታኮማ አለ።

ሜሪላንድ ደግሞ የራሷ የሞርጌጅ ፕሮግራም አላት። እሱ ላይ የተለዩ ቦታዎች አሉ። ቤቱ እነዚያ ቦታዎች ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያ ቤት ገዢ መሆን አያስፈልግም፣ የገቢ ወሰኑም ላላ ይላል። ባልቲሞር ከተማ በሙሉ ተካታለች። አገር ቤት እያለ ወይም እዚህ ቀደም ብሎ ቤት የነበረው፣ ተፋቶ ወይም ሸጦ እንደ አዲስ የሚጀምር ሰው ይህን ማየት አለበት።

ሌላው የባንኮች ስጦታ ነው። አንዳንድ ትልልቅ ባንኮች ቤቱ በተወሰኑ የሕዝብ ቆጠራ ሰፈሮች ውስጥ ከሆነ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ለዳውን ፔይመንት ይሰጣሉ። ሰፈሩን የምታጣሩበት ነጻ ገጽ አለ። የባንክ ተቆጣጣሪዎች ምክር ቤት፣ ኤፍኤፍአይኢሲ የሚባለው፣ ያዘጋጀው ነው። አድራሻ ስታስገቡ የሰፈሩን ቁጥርና የገቢ ደረጃውን ይሰጣችኋል፦ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከ50 በመቶ በታች የሆነው ዝቅተኛ ነው፣ ከ50 እስከ 80 ያለው መጠነኛ። ባንኮቹ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት እነዚህን ሁለቱን ነው። ገጹ መልኩ ደረቅ ነው፣ ሠንጠረዥ ብቻ። ግን ፈጣን ነው፣ ከዩኤስዲኤው በተሻለ በስልክ ይሠራል። የእያንዳንዱ ባንክ ዝርዝር ግን የራሱ ስለሆነ ቁጥሩን ይዛችሁ ባንኩን ጠይቁ።

ወደ ዩኤስዲኤው ልመለስ። ካርታው ሊመልስላችሁ የማይችለው ጥያቄ እዚያ መኖር ነው። ነጭ መሬቱ የሚጀምረው ከዋሽንግተን ርቆ ነው። ከተርሞንት ሲልቨር ስፕሪንግ ከ50 ማይል በላይ ነው። 270ን ጠዋት የነዳ ሰው ያውቀዋል። ሌላው አማራጭ የማርክ ባቡር ብራንስዊክ መስመር ነው። ከብራንስዊክ በኩል መጥቶ በጀርመንታውን፣ በሮክቪልና በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ግን ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት ለሚሄድ ሠራተኛ የተሠራ ነው፣ ቅዳሜና እሑድም የለም። እንደኔ ማታ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። እናታችን የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሑድ ቅዳሴ በምን ልደርስ ነው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለቤቷ እሑድ እሑድ እሱ ራሱ እንደሚያመጣት ቃል ገባላት። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ማታ እኔ ጋ እንድታድር አልኩ። ይህን ሳትነጋገሩ ዳውን ፔይመንት ስለቀረ ብቻ አትሂዱ። በወር ለቤንዚን የምታወጡትንም ከሞርጌጁ ጋር ደምሩ።

ስለ ቤቱ ሁኔታም ልጨምር። ቦታው ስላለፈ ቤቱ አለፈ ማለት አይደለም። ቤቱ ጤናማና ለኑሮ አስተማማኝ መሆን አለበት። ገጠር ወጣ ባሉ ቤቶች የጉድጓድ ውሃና ሴፕቲክ፣ ማለትም የቤቱ የራሱ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ የተለመደ ነው። የውሃው ምርመራና የሴፕቲኩ ሁኔታ ይታያል። ከአፓርትመንት ለወጣ ሰው ይህ አዲስ ነው። ኢንስፔክሽን ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

አበዳሪ ስትመርጡ በዚህ ብድር ላይ የሚሠራውን ምረጡ። ሁሉም አይሠሩበትም። የማይሠራ ሰው «አስቸጋሪ ነው፣ ጊዜ ይፈጃል» ብሎ ወደሚያውቀው ይመልሳችኋል። እውነት ነው፣ አንድ ተጨማሪ ደረጃ አለው። አበዳሪው ጨርሶ ካየ በኋላ ፋይሉ ወደ ዩኤስዲኤ ይሄዳል፣ መሥሪያ ቤቱ ቅድመ ሁኔታ ያለው ማረጋገጫ እስኪሰጥ ክሎዚንግ አይደረግም። የፌዴራል መንግሥት በበጀት ክርክር ሲዘጋም ይህ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ የኪራይ ውላችሁ ከሚያልቅበት ቀን ጋር አታጣብቁት። ግን ለ12,250 ዶላር ጥቂት ሳምንት መታገሥ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ለኤጀንቶቻችን አንድ ቃል አለኝ። በተለይ በአማርኛ ለምታገለግሉን። ሰው እናንተን የሚያምነው ቋንቋውን ስለምትናገሩ ነው። «ያ ካውንቲ አይገባም» ከማለታችሁ በፊት አድራሻውን አስገቡ። የእህቴ ባለቤት የተነገረውን አምኖ ቢሆን ኖሮ የጡረታ ቁጠባውን አሟጥጦ ነበር። ስንት ቤተሰብ እንዲህ ተብሎ እንደተመለሰ ሳስብ ያመኛል። ማጣራቱ ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።

ለማጣራት ስትቀመጡ እኔ ያደረግኩትን አድርጉ። የሚሸጠውን ቤት አድራሻ ከማስታወቂያው ላይ ሳይሆን ከካውንቲው የንብረት መዝገብ ላይ ውሰዱ፤ ማስታወቂያ ላይ የከተማው ስም እንዲያምር ተብሎ የሚለወጥበት ጊዜ አለ። የሲንግል ፋሚሊውን ካርታ ምረጡ። ውጤቱን ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ አትሙ። ከዚያ የገቢውን ገጽ ሙሉ፣ እሱንም አትሙ። ሁለቱን ወረቀት ይዛችሁ አበዳሪው ጋ ሂዱ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ኦፈር ስትጽፉም ብድሩ የዩኤስዲኤ መሆኑንና ማረጋገጫው ካልመጣ ቀብዳችሁ የሚመለስበትን ሁኔታ በውሉ ውስጥ አስገቡ።

እህቴና ባለቤቷ እንዲህ አድርገው ኦፈር አስገቡ፣ ሻጩም ተቀበለ። አበዳሪው ቦታውን በድጋሚ አጣርቶ ያው መልስ አገኘ። ፋይሉ አሁን ዩኤስዲኤ ጋ ነው። እናታችን ከወዲሁ ጓሮው ላይ ጎመንና ጤና አዳም የምትተክልበትን ጥግ መርጣለች።